የሕፃናት የሐሞት ቧንቧ ጠጠርና ሕክምናው



ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው አማኑኤል፣ እንደ ሌላውም የጎጃም ደጋ፣ ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሕፃን በቤተ ሰቡ ዘንድ «የወፍ በሽታ» እንደ ያዘው ይቈጠራል። ብዙ ጊዜም በቅድሚያ የሚፈለግለት ቅጠልና ሥር ነው። ይሁን እንጂ ቢጫነት ሁሉ የጉበት ብግነት አይደለም። ከቢጫነቱ ጋር ብርቱ የቀኝ ጎን ሕመምና የሚያንቀጠቅጥ ትኩሳት ያለበት ሕፃን የሐሞት ቧንቧው ተዘግቶ ይሆናል። በተዘጋው ቧንቧ ውስጥ ያለው ሐሞት ከተመረዘ ጀርሞቹ ወደ ደም ስለሚሠራጩ፣ ጊዜው የሚቈጠረው በቀን ሳይሆን በሰዓት ነው።

ጠጠር በሕፃናት ላይ እንደ አዋቂዎች አይበዛም፤ ሲገኝም ምክንያቱ ሊመረመር ይገባል። የቀይ የደም ሕዋሳት መፍረስና የቧንቧው የተፈጥሮ ጉድለት ከምክንያቶቹ መካከል ናቸው። በኢትዮጵያ ወስፋትም ሊዘነጋ አይገባውም። ትሉ ከትንሹ አንጀት ተነሥቶ ወደ ቧንቧው ይገባል፤ እዚያው ከሞተም ስባሪውና እንቁላሉ ጠጠር የሚረጋበት እምብርት ይሆናል።

ሕክምናው ደረጃ አለው። በመጀመሪያ ምግብ በአፍ መስጠት ይቆማል፤ ፈሳሽ በደም ሥር፣ ለሕመሙም ማስታገሻ ይሰጣል፤ የመመረዝ ምልክት ካለ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ወዲያው ይጀመራል። የቧንቧው መስፋት፣ ጠጠሩ ወይም ትሉ በአልትራሳውንድ ይፈለጋል። ወስፋት አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ወደ አንጀት ይመለሳል፤ ስለዚህ የትል መድኃኒት የሚሰጠው ሕመሙ ከበረደ በኋላ ነው። ትንሽ ጠጠርም፣ በተለይ በጨቅላ ሕፃናት ላይ፣ በራሱ ሊወርድ ይችላል። ሴፍትሪያክሶን በወሰደ ሕፃን የሐሞት ከረጢት ውስጥ ጠጠር የሚመስል ዝቃጭ ቢታይ፣ መድኃኒቱ ሲቋረጥ አብዛኛውን ጊዜ ስለሚጠፋ ለቀዶ ጥገና መቸኮል አይገባም።

መዘጋቱ ካልተፈታ የቧንቧውን አፍ በኢንዶስኮፕ ሰንጥቆ ጠጠሩን ማውጣት ይመረጣል። ይህ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1974 በጀርመንና በጃፓን በአዋቂዎች ላይ ተጀምሮ በኋላ ለሕፃናትም ውሏል፤ ነገር ግን ለሕፃን የሚስማማ መሣሪያና የሠለጠነ እጅ ይሻል። ይህ በማይገኝበት ስፍራ ሆድ ተከፍቶ ጠጠሩ በቀዶ ጥገና ይወጣል። ጠጠሩ የመነጨው ከሐሞት ከረጢት ከሆነም፣ እንዳይመለስ ከረጢቱን ማውጣት ያስፈልጋል።

እንግዲህ በአማኑኤል ያለው የጤና ባለሙያ ድርሻ ጠጠሩን ማውጣት አይደለም። «የወፍ በሽታ ነው» ያለችውን እናት ሳይገሥጽ፣ ልጁን ጎኑን ያመው እንደሆነ፣ ያንቀጠቅጠውም እንደሆነ ጠይቆ መለየት፣ ፈሳሹንና መድኃኒቱን መጀመር፣ ሳይውል ሳያድርም ወደ ደብረ ማርቆስ መላክ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ሕክምና ሁሉ የሚጠቅመው ሕፃኑ በጊዜ ከደረሰ ነው።