የአረጋዊ ዓይንና የመሐንዲስ ደረጃ

(በነቀምቴ፣ ጨለለቂ ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



ስለ ዓይን ለመናገር የተነሣሁት ሐኪም ሆኜ አይደለም። ሥራዬ ግንባታ ነው፤ ወደዚህ ጉዳይ ያገባኝም ራሴ የሠራሁት ደረጃ ነው። እዚሁ ጨለለቂ ለወላጆቼ ባሠራሁት ቤት ከበረንዳው ወደ ግቢው የሚያወርዱ 5 ደረጃዎች አሉ። ከፍታቸው እኩል፣ ልስናቸው ጥንቁቅ፣ ቀለማቸውም ከግቢው ንጣፍ ጋር አንድ ዓይነት ግራጫ ነው። በዚህ አንድነታቸው እኮራ ነበር። አንድ ምሽት ግን እናቴ ስትወርድ ከመጨረሻው ደረጃ ላይ ወደቀችና እጇ ተሰበረ። እንዴት እንደ ሆነ ብጠይቃት፣ «ደረጃው ያለቀ መስሎኝ ነው፣ ልጄ» አለችኝ።

ከጥቂት ወራት በፊት ዓይኗን ተመርምራ፣ በሰሌዳው ላይ ያሉትን ምልክቶች ለይታ፣ ደኅና ነሽ ተብላ ነበር። ታዲያ ሰሌዳውን ያየ ዓይን ደረጃውን ስለምን ሳያየው ቀረ? ዛሬ ከፊታችሁ ያቆመኝ ይህ ጥያቄ ነው።

መልሱ በከፊል በዓይን፣ በከፊልም በአንጎል ውስጥ ይገኛል። ዕድሜ ሲገፋ የዓይን ብሌን ትጠባለች፤ ሌንሱም ይወፍራል፣ ይደድራል፣ ወደ ቢጫነት ያደላል። በለንደን ይሠራ የነበረው ሮበርት ዊል እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ እንዳሰላው፣ የ60 ዓመት ሰው ሬቲና የሚደርሰው ብርሃን የ20 ዓመት ወጣት ከሚያገኘው አንድ ሦስተኛ ያህሉ ብቻ ነው። ከዚህም በላይ፣ የሐኪሙ ሰሌዳ የሚለካው ጥቁር ምልክትን በነጭ ላይ የማየት ችሎታን እንጂ፣ ግራጫን ከግራጫ የመለየትን አይደለም። ኦውስሊ፣ ሴኩለርና ሲምሰን የተባሉት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ ሰው ከ40 እስከ 50 ዓመት ካለው ዕድሜ ጀምሮ ደቃቅና መካከለኛ መስመሮችን ለመለየት ከበፊቱ የጎላ ልዩነት ያስፈልገዋል። እናቴን የጣላት ይኸው ነው። የደረጃውን ጠርዝ ከንጣፉ የሚለይ ነገር አልሠራሁላትም ነበር።

ነገር ግን እርጅና ማየትን የሚቀንስ ብቻ ሳይሆን የአስተያየትን ሥርዓት የሚለውጥም ነው። በካናዳ በማክማስተር ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ የነበረችው ሊዛ ቤትስ ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተመችው ጥናት፣ አረጋውያን የትልቅና የጎላ ነገርን የእንቅስቃሴ አቅጣጫ ከወጣቶች ፈጥነው እንደሚለዩ ታይቷል። ለዚህ የቀረበው ማብራሪያ፣ በአንጎል ውስጥ አንዱ የነርቭ ሕዋስ ሌላውን የሚገታበት ኃይል በዕድሜ ይላላል የሚል ነው። እንዲህ ያለውን ውጤት ማንም በግምት ሊደርስበት አይችልም። ዓመታትን፣ መሣሪያንና የተማሪውን ኑሮ የሚሸፍን ገንዘብ ይጠይቃል።

«የውጭውን ቁጥር ወስደን ብንሠራበትስ?» የሚል ሊኖር ይችላል። እንዲህ ያሉት ጥናቶች በአብዛኛው የሚካሄዱት ዓይናቸው ጤናማ በሆኑ አረጋውያን ላይ ነው። የእኛ አገር ሁኔታ ከዚህ ይለያል። በ1998 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከሕዝባችን 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር፣ 3.7 በመቶው ደግሞ የማየት ችሎታው የደከመ ሆኖ ተገኝቷል፤ ከዓይነ ስውርነቱ ግማሽ ያህሉ በዓይን ሞራ የመጣ ነበር። ትራኮማም በርካቶችን ጎድቷል። ነቀምቴም እንደምታውቋት ዳገትና ቁልቁለት የበዛባት፣ ክረምቷ የጠና ከተማ ናት። ሞራ የጀመረው ሽማግሌ በዝናብ ማግሥት፣ በማታ፣ ክዳን የሌለውን የውኃ መውረጃ ቦይ ከመንገዱ ለይቶ ለማየት ምን ያህል ብርሃንና ምን ያህል የቀለም ልዩነት ያስፈልገዋል? ይህን ቁጥር ከሌላ አገር ልናመጣው አንችልም።

ስለዚህ ማኅበራችን ለአንድ የዶክትሬት ተማሪ የምርምር ወጪ እንዲመድብ ሐሳብ አቀርባለሁ። ወለጋ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ ከተማችን አለ፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲም የኦፕቶሜትሪ ባለሙያዎችን ያሠለጥናል። ተማሪው አንድ አማካሪ ከመሐንዲሶች፣ አንድ አማካሪ ከዓይን ባለሙያዎች ይኑረው። ፊደል ላልቆጠሩ አረጋውያን በእጅ አቅጣጫውን የሚያመለክቱት ምልክት ያለበት፣ ድምቀቱ ደረጃ በደረጃ የሚቀንስ ሰሌዳ ያዘጋጅ። ከዚያም የብርሃን መለኪያውን ይዞ ወደ ደረጃው፣ ወደ መንገዱ፣ ወደ ገበያው ይውጣ። ውጤቱንም ሐኪሙ እንዲያነበው ብቻ ሳይሆን፣ እኛ በንድፍ ወረቀታችን ላይ እንድንጽፈው በቁጥር ያቅርብልን።

እናቴ ከዳነች በኋላ በየደረጃው ጠርዝ 5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ነጭ መስመር ቀባሁ። ወጪው ከአንድ ጣሳ ቀለም አላለፈም። አሁን እግሯ መሬቱን ሳይፈልግ ትወርዳለች። ይሁን እንጂ 5 ሳንቲ ሜትርን የመረጥሁት ለእሷ ዓይን ለክቼ አይደለም፤ በእኔ ዓይን ስለ ታየኝ ነው። የምሰሶን ውፍረት በዚህ ዓይነት የሚወስን መሐንዲስ ቢኖር ከመካከላችን ዝም የሚለው ያለ አይመስለኝም።