ከሳንሱሲ የመጣን ተመራቂዎች ቃል
(በተማሪዎች ማኅበር የስንብት ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)

በዚህ በ2018 ዓ.ም. ከሚመረቁት ተማሪዎች መካከል የሳንሱሲ ልጆች የሆንን ጥቂት ጓደኞች ስለ ትምህርት ቤት ዘመናችን እንድንናገር ማኅበሩ ስለ ፈቀደልን ከልብ እናመሰግናለን። የተመራቂ ንግግር ብዙ ጊዜ በትዝታ ተጀምሮ በምስጋና ያልቃል። እኛም ትዝታውን አንተወውም፤ ነገር ግን ትዝታው ወደ አንድ ሥራ እንዲያደርሰን እንፈልጋለንና ጥቂት ታገሡን።

ሳንሱሲ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ ወደ ቡራዩና ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ የሚገኝ ሰፈር ነው። በካርታ ከዋናው ከተማ ይቆጠራል፤ እኛ ስናድግበት ግን ኑሮው የትንሽ ከተማ ኑሮ ነበር። ሰው በስም ይተዋወቃል። መምህራችን ከትምህርት ሰዓት ውጭ መንገድ ላይ ካገኙን ወሬው ከኛ ቀድሞ ቤት ይደርሳል። ከተማው የሚያልቅበት ቦታ በመሆኑ ከቡራዩ በኩል የሚመጡ ልጆች አብረውን ይማሩ ነበርና፣ በዕረፍት ሰዓት አማርኛና ኦሮምኛ ባንድ ኳስ ዙሪያ ይደባለቁ ነበር።

የሰፈሩ ስም ከአንድ የፈረንሳይኛ አነጋገር ጋራ ይገጥማል፤ ትርጉሙም «ያለ ሐሳብ» ማለት ነው። የፕሩሲያው ንጉሥ ዳግማዊ ፍሬድሪክ በአውሮጳ አቆጣጠር በ1747 ፖትስዳም ላይ ያስፈጸመው ቤተ መንግሥት በዚሁ ስም ይጠራል። ንጉሡ ከመንግሥት ጭንቀት የሚያርፍበት ቤት ነበርና ስሙ ለርሱ ይስማማው ይሆናል። በእኛ ሰፈር ግን ጧት የታክሲ፣ ቀን የምሳ፣ ማታ የመብራት ሐሳብ አይጠፋም ነበር። በአማርኛ ሐሳብ ሲባል ጭንቀትም ነው፣ ማሰብም ነው። የመጀመሪያው ሳይጎድልብን ሁለተኛውን ያስለመዱን መምህራኖቻችን ናቸው።

እንዴት እንዳስለመዱን በአጭሩ እንንገራችሁ። አንድ መጽሐፍ ለሦስት እንካፈል ነበር። የኬሚስትሪ ሙከራ የተማርነው በሰሌዳ ላይ በጠመኔ ከተሣለ ብልቃጥ ነው። ሆኖም መጽሐፉ የጎደለውን መምህሩ በጠመኔ ይሞላው ነበር። ከደመወዙ ቀንሶ የመልመጃ ወረቀት ያባዛልን፣ ቅዳሜ ጧት ያለ ክፍያ ያስጠናን መምህር ነበረን። ዛሬ በዚህ አዳራሽ ቆመን የምንናገረው በርሱ ቅዳሜዎች ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎች ሳለን በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና በሽታ ምክንያት በመላ አገሪቱ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ትምህርቱ በራዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በስልክ ይቀጥላል ተባለ። ስልክና ኢንተርኔት ላለው ቤት ቀጠለ፤ ለሌለው ቤት ግን ቆመ። በ2013 ዓ.ም. ስንመለስ አንዳንድ መቀመጫዎች ባዶ ነበሩ። አንደኛው ጓደኛችን የታክሲ ረዳት ሆኖ ነበር። አንዲቱ ወደ ዓረብ አገር ለመሄድ ፓስፖርት ታወጣ ነበር። በሒሳብ ሁላችንንም ትበልጥ የነበረችው እኅታችን ደግሞ እናቷ ስለ ታመሙ ታናናሾቿን ለማሳደግ ቤት ቀረች። ከነርሱ መካከል ስንፍና ያስቀረው አንድም አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና መጣ። የ2014 ዓ.ም. ፈተና እንዳይሰረቅ ተብሎ፣ እንደ ቀድሞው በየትምህርት ቤቱ መሆኑ ቀርቶ፣ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ተሰጠ። ወላጆቻችን ብርድ ልብስና በሶ አስይዘው ሸኙን። ውጤቱ ሲነገር ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች ውስጥ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 29,909 ብቻ ሆኑ። ይህም ከመቶ 3.3 መሆኑ ነው። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች 1,161 ነበሩ።

ስለዚህ ቁጥር ሁለት ዓይነት ንግግር ሰምተናል። አንዳንዶች «የዛሬ ልጅ አያጠናም» አሉ። ሌሎች ጥፋቱን ሁሉ ከፈተናው ላይ ጣሉት። እኛ በበኩላችን ሁለቱም ነገሩን ከሥሩ አላዩትም እንላለን። አንድ ተማሪ ቢወድቅ ስለ ልጁ መጠየቅ ተገቢ ነው። አንድ ትምህርት ቤት እንዳለ ሲወድቅ ግን፣ ከዚያ ሁሉ ልጅ መካከል አንድ እንኳ ትጉህ አልነበረም ለማለት የሚደፍር ማን ነው? ፈተናው የለካው የጥቂት ቀን ሥራ አይደለም፤ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የጎደለውን መጽሐፍ፣ የጎደለውን ቤተ ሙከራ፣ የጎደለውን ቅዳሜ ነው። ስለዚህ እኛ ከመቶው ሦስት መሆናችን ጉብዝናችንን ብቻ አያስረዳም። ማን መምህር እንደ ገጠመንና የማን እናት ጤነኛ እንደ ነበረችም ያስረዳል።

ታዲያ ምን እናድርግ? መልሱን ከዚህ ከዩኒቨርሲቲ ታሪክ ውስጥ እናገኘዋለን። በ1957 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የሚባል ሥርዓት ተጀመረ። ተማሪው ዲግሪውን ከመቀበሉ በፊት አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች ወጥቶ ያገለግል ነበር፤ ብዙዎቹም በትንንሽ ከተሞች ትምህርት ቤቶች አስተማሩ። በዚያ ሥርዓት አገልግሎቱ ችሮታ አልነበረም፤ ከትምህርቱ እንደ አንዱ ክፍል ይቆጠር ነበር። እኛን ደስ ያሰኘን ይህ አስተያየት ነው።

አንድ ዓመት ስጡ አንልም። የምንለምነው ክረምቱን ነው። ሐምሌና ነሐሴ እያንዳንዳችን ወደ መጣንበት ሰፈርና ከተማ እንመለሳለን። በሳምንት ሦስት ጧት፣ አንድ ክፍል ተለምኖ፣ ለስምንተኛና ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኞች ሒሳብና እንግሊዝኛ እናስጠና። ስብከት አያስፈልግም፤ ጥያቄ አብሮ መሥራት ይበቃል። መምህራንን ለመተካት አንሞክር፤ እነርሱ ደካማ ነው የሚሉትን ልጅ ጠይቀን ከርሱ እንጀምር። ያጠናንባቸውን መጻሕፍትና ደብተሮችም ሸጠን ከመሄድ በሣጥን አድርገን ለትምህርት ቤቱ እንተው። ቤት የቀሩትንም አንርሳ። ትምህርት ያቋረጠ ጓደኛ በማታ ክፍል እንዲመዘገብ አብሮት የሚሄድ ሰው ብቻ የሚያስፈልገው ጊዜ አለ።

ማኅበሩን የምንጠይቀው አንድ መዝገብ እንዲከፍት ነው። በመዝገቡ ላይ የተማሪው ስም፣ የሚሄድበት ከተማና የሚያስጠናው ትምህርት ይጻፍ። በመስከረም ደግሞ የተሠራውና ያልተሠራው በዚሁ ጋዜጣ ይገለጥ። መምህራኖቻችንንም የምንለምነው የመልመጃ ጥያቄዎችን እንዲመርጡልን ነው።

የሳንሱሲ እናቶች እንደ አገራችን እናቶች ሁሉ «የተማረ ይግደለኝ» ይላሉ። ይህን ቃል ብዙ ጊዜ እንደ ምርቃት ሰምተን ተደስተንበታል። ደግመን ስናስበው ግን ብርቱ ዕዳ ነው፤ የተማረ ሰው ክፉ አያደርግብኝም ብለው ያመኑ ሰዎች ቃል ነውና። ያመኑን ሰዎች ልጆች ዛሬም በዚያው ክፍል፣ አንዱን መጽሐፍ ለሦስት ይዘው ተቀምጠዋል። መዝገቡ ከዚህ ስብሰባ በኋላ በበሩ አጠገብ ይሆናል። የሳንሱሲ ልጆች ስማችንን አስቀድመን ጽፈናል፤ ከበታቹ ያለው ቦታ የእናንተ ነው።