የቤታችን ታሪክ ድንኳን ሳይጣል ይጻፍ

(በጀሞ በዕድራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ ጸሐፊው ያሰሙት ንግግር። በስብሰባው ላልተገኙ አባላት ሲባል በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል።)



ዛሬ የምንናገረው ስለ መዋጮም ሆነ ስለ ቅጣት አይደለምና እባካችሁ ተረጋግታችሁ አድምጡን። ባለፈው ወር በቅጥቅጥ አውቶቡስ ተሳፍረን ስድስት ኪሎ ሄደን ስላየነው ቤትና ከዚያ ተነሥቶ ኮሚቴው ስላሰበው ሥራ ነው።

ነገሩ የጀመረው ግን ከኀዘን ቤት ነው። በክረምቱ አንዲት እናታችን ሲያርፉ የሕይወት ታሪካቸውን እንድንጽፍ ታዘዝን። እስክሪብቶ ይዘን ልጆቻቸውን ብንጠይቅ አንዱ «መንዝ ነው የተወለደችው» አለ፤ ሌላዋ «ኧረ ቡልጋ ነው» አለች። ዘመኑንማ «የታኅሣሥ ግርግር ጊዜ ልጃገረድ ነበርኩ ትለን ነበር» ከማለት በቀር የሚያውቅ አልተገኘም። ግርግሩ በስንት ዓመተ ምሕረት እንደሆነም በዚያ ጥድፊያ በርግጠኝነት የሚናገር ጠፋ። ቀብር ሰዓት አይጠብቅምና ስድስት ልጅ አሳድገው ለወግ ለማዕረግ ያበቁትን እናት በአራት መስመር ሸኘናቸው። ጽፈን ያነበብነው እኛው ስለሆንን እስከ ዛሬ እናፍራለን።

ይህ ቁጭት ነው እንግዲህ ስድስት ኪሎ የወሰደን። እዚያ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ያለው ሙዚየም የቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከጣሊያን ወረራ በፊት አሠርተው ከቤተሰባቸው ጋር የኖሩበት ቤት ነው። በ1954 ዓ.ም ለዩኒቨርሲቲው ተሰጠ፤ በ1955 ዓ.ም ደግሞ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ተመሠረተ። ሙዚየሙም የዚሁ ተቋም ነው።

የንጉሠ ነገሥቱና የእቴጌ መነን መኝታ ክፍል ሳይፈርስ ተጠብቋል። አልጋውን አየን፣ መታጠቢያ ቤቱን አየን፣ የንጉሡን መስተዋትም አየን። መስተዋቱ በጥይት ተበስቷል። ምንድን ነው ብንል የ1953 ዓ.ም ነገር ነው። በዚያ ዓመት በታኅሣሥ ወር ንጉሡ ብራዚል ሳሉ የክብር ዘበኛው አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ። ሙከራው ሲከሽፍ በዚሁ ቤት አረንጓዴ ሳሎን ውስጥ ታግተው የነበሩ መኳንንትና ሚኒስትሮች ተረሸኑ። ራስ አበበ አረጋይና ራስ ሥዩም መንገሻ የሞቱት እዚያ ነው። ሕዝቡ የታኅሣሥ ግርግር ብሎ የሚጠራው ይኸው ነው።

ይህን ስንሰማ እርስ በርሳችን ተያየን። ያቺ እናታችን በ1953 ዓ.ም የ15 ዓመት ልጃገረድ ቢሆኑ የተወለዱት በ1938 ዓ.ም ገደማ ነው ማለት ነው። ለልጆቻቸው ፍንጩን ትተውላቸው ነበር፤ እኛ ግን መፍታት አቃተን።

የሙዚየሙ ዕቃ የተደረደረው ሰው ከሚወለድበት ጀምሮ እስከ ሞቱ ባለው ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ ልጅነት፣ ቀጥሎ ጉልምስና፣ በመጨረሻ ሞትና ከሞት በኋላ ያለው ሥርዓት ይመጣል። እኛ ዕድርተኞች ደኅና አድርገን የምናውቀው የመጨረሻውን ክፍል ብቻ ነው ብለን ሳቅን። ሳቁ ግን እውነትነት አለው።

ከዚያ ወደ ግቢው ወጣን። ጣሊያኖች የሠሩት የትም የማያደርስ ደረጃ አለ። ፋሺስቶች ሮማ ላይ ሥልጣን ከያዙበት ጊዜ አንሥቶ ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ አንድ እርከን ሠርተው ነበር። ዛሬ ከላዩ የይሁዳ አንበሳ ተቀምጦበታል። በዚሁ ግቢ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም ግራዚያኒ ለድሆች ምጽዋት እሰጣለሁ ብሎ ሰው ሰብስቦ ሳለ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ጣሉበት። ጣሊያኖች ምጽዋት ሊቀበል በመጣው ድሃ ላይ ተኮሱ፤ ከዚያም ለሦስት ቀን በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ ጭፍጨፋ አደረሱ። ኢትዮጵያ 30 ሺህ ሰው እንዳለቀ ለዓለም አስታውቃለች።

ይህ ሲነገር ከመካከላችን አንዲት እናት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ማልቀስ ጀመሩ። «የእናቴ አባት ዓይነ ስውር ነበሩ። ያን ቀን እናቴ ልጅ ሆና በዘንግ እየመራች እዚህ በር አድርሳቸው ተመለሰች። እሳቸው አልተመለሱም» አሉ። ሃምሳ ዓመት የሞላው ልጃቸው አጠገባቸው ቆሞ ነበርና «እማዬ፣ ይህን መቼ ነገርሽኝ?» አላቸው። «መቼ ጠየቅኸኝ?» አሉት። ሁላችንም ዝም አልን። ጥያቄው ለእሱ ብቻ አልነበረምና።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ የንጉሥ ቤት ጠባቂ አለው፤ ትኬት ይቆረጥለታል። የእኛ ቤትስ? እዚህ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ካለነው ብዙዎቻችን በዕጣ የመጣን ነን። አንዳንዶቻችን ከልደታ፣ አንዳንዶቻችን ከሰንጋ ተራ፣ አንዳንዶቻችን ከአራት ኪሎ ነን። የተወለድንበት ቤት ብዙው ፈርሷል፤ ልጅን ወስዶ «እዚህ ነው የተወለድኩት» የሚባልበት ግድግዳ የለም። በአሮጌው ሰፈር ልጁ ቢረሳ ጎረቤት ያስታውስ ነበር። እዚህ ጎረቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ስማችንን እንጂ አመጣጣችንን አያውቅም። ደግሞም ይህ ቦታ ከእኛ በፊት ባለቤት የነበረው የእርሻ መሬት ነው። ከመካከላችን እዚሁ ያረሱ አባቶች አሉ፤ የእነሱም ታሪክ ከሁላችን ጋር መጻፍ አለበት።

በመሆኑም ኮሚቴው የሚከተለውን ወስኗል፤

1ኛ. እያንዳንዱ አባወራና እማወራ አንድ ደብተር ይኖረዋል። ወረቀቱ ከዕድሩ የጽሕፈት መሣሪያ ወጪ ስለሚሸፈን አዲስ መዋጮ የለም።

2ኛ. የሚጻፈው ሙሉ ስም፣ እስከ ሰባት ቤት የሚታወቀው የዘር ሐረግ፣ የትውልድ አገር፣ አዲስ አበባ የመጡበት ጊዜና ምክንያት፣ የኖሩበት ሰፈርና የሠሩት ሥራ ነው። ቤት ውስጥ ጠላ ጠምቆ፣ ጥጥ ፈትሎ፣ እንጀራ ሸጦ ልጅ ማሳደግም ሥራ ነውና ይጻፍ።

3ኛ. ዘመኑን የማያውቅ አይፈር። የጣሊያን ወረራ 1928፣ የታኅሣሥ ግርግር 1953፣ የአብዮቱ ፍንዳታ 1966፣ ትልቁ ድርቅ 1977 ዓ.ም እያልን አብረን እናሰላለን።

4ኛ. ፎቶግራፍ ያለው በጀርባው የሰዎቹን ስም በእርሳስ ይጻፍ። ስም የሌለው ፎቶግራፍ ከሠላሳ ዓመት በኋላ የማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

5ኛ. ጽሑፍ የማይችሉትን 8ኛ ክፍል የደረሱ የሰፈራችን ልጆች ይረዷቸዋል። ቤተሰብ ይጻፍ ያላለው አይጻፍም። ደብተሩ የባለቤቱ ነው፤ አንድ ግልባጭ ብቻ በዕድሩ ቁም ሣጥን ተቆልፎ ይቀመጣል።

ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ ከየትም ይምጣ፣ ሞት ለሁላችን እኩል ነው። እኛም ስናርፍ አንድ ሰው ወረቀት ይዞ በሕዝብ ፊት ይቆማል። ያ ሰው ምናልባት እኛው ጸሐፊዎቹ እንሆናለን፤ እባካችሁ በአራት መስመር አታሳፍሩን። ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ ልጆች እናቶቻችሁን ጠይቁ። እናቶችና አባቶችም እስክትጠየቁ አትጠብቁ፤ ቡና ሲፈላ ንገሩ።

ደብተሩ ከመጪው እሑድ ጀምሮ ከሒሳብ ሹሙ ዘንድ ይታደላል።