ለእብድ ውሻ በሽታ ቅጠሉ ክትባት ነው

(በሉማሜ ከተማ ለሰፈር ማኅበራችን አባላት የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ደጃችንን ስለሚጠብቀው ውሻና ሲታመም ስለምናጠጣው ቅጠልና ሥር ነው።

አገራችን የመድኃኒት ዕፅ አላነሳትም። ኮሶ የሆድ ትልን እንደሚያስወጣ አያቶቻችን ከጥንት ያውቁ ነበር። እንዶድንም ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ አጥንተው፣ ቢልሃርዝያ የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ለዓለም አሳይተዋል። ስለዚህ ዕፅ ሁሉ ከንቱ ነው አንልም። ነገር ግን እንዶድ ለውሻም መርዝ ነው፤ ኮሶም መጠኑ ሲያልፍ ይጎዳል። ደግሞስ ትሉን አስወጣን ብለን፣ ለበዓል ስናርድ ውኃ የቋጠረ ጉበትና ሳንባ ብንወረውርለት ምን ረባን? ሌላ ትል ይገባበታል፤ ከእሱም ጣጣው ወደ ልጆቻችን ይተላለፋል።

ከሁሉ የሚያሰጋን ግን የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ውሻው ለሃጩን ሲያዝረበርብ፣ ያገኘውን ሲነክስ ወይም ጨለማ ፈልጎ ሲደበቅ፣ «የእንዶድ ሥር አጠጡት» የሚል አይጠፋም። የተነከሰውም ሰው ወደ መድኃኒተኛ ይወሰዳል። «እገሌ ጠጥቶ ድኗል» ይባላል። እንግዲህ ልብ እንበል፤ የነከሰ ውሻ ሁሉ ያበደ አይደለም። ያበደ ውሻ ነክሶትም በሽታው የማይዘው ሰው አለ። እንዲህ ያለው ሰው ባይጠጣም አይታመምም ነበር፤ ምስጋናውን ግን ሥሩ ወሰደው። ምልክቱ ከታየ በኋላ ውሻውንም ሆነ ሰውን የሚያድን ቅጠል የለም፤ ሐኪምም ቢሆን ከስንት አንዱን እንጂ አላተረፈም። በሽታው አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ወር ተደብቆ ይቆያል። በመድኃኒተኛ ደጅ የሚባክነው እንግዲህ ይኸው ክትባት የሚያድንበት ጊዜ ነው።

ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1885 ያበደ ውሻ የነከሰውን የ9 ዓመት ልጅ በክትባት ካተረፈ ወዲህ መንገዱ ታውቋል። ስለዚህ፦

1. ሦስት ወር የሞላውን ውሻ ሁሉ እናስከትብ፤ በየዓመቱም እናሳድስ። ከመቶ ውሾች 70ው ከተከተቡ በሽታው መተላለፊያ ያጣል።

2. የታመመውን ውሻ መድኃኒት ለማጠጣት ብለን አፉን አንክፈት። በሽታው ያለው ከምራቁ ነው። ለእንስሳት ሐኪም እንንገር።

3. የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ይታጠብ። ቅጠል አይለጥፍበት፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ።

አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። ለዚህ በሽታ ቅጠሉ ክትባት ነው።