ቆርኪ፣ የክብሪት ቀፎና የእንግሊዝኛ ትምህርት
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)




መሐንዲስ ስለ ልጆች መጫወቻ ሊናገር መነሣቱ ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ነገር ሊመስል ይችላል። ወደዚህ ጉዳይ የመራኝ ግን የራሴው ስሕተት ነው። ከዩኒቨርሲቲ በወጣሁ በመጀመሪያው ዓመት፣ በአንድ የሕንፃ ሥራ ላይ ሳለሁ፣ የውጭ አገር ተወላጅ የሆነው ተቆጣጣሪ ለቧንቧ ማሳለፊያ የሚሆን ክፍተት ከዓምዱ በስተጀርባ እንዳስተው በቃል አዘዘኝ። ነገሩ በትክክል አልገባኝም፤ ሆኖም «የስ» ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። ክፍተቱን ከዓምዱ ፊት ለፊት አስተውሁ፤ በማግሥቱም ግድግዳው ፈርሶ እንደገና ተሠራ። ከፍርስራሹ ይልቅ ያሳፈረኝ፣ የእንግሊዝኛ ሰዋስው ፈተናን በከፍተኛ ውጤት አልፌ ሳለ አንዲት ጥያቄ ለመጠየቅ አንደበቴ መተሳሰሩ ነበር።

እንደሚታወቀው፣ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት እንዲሰጥ፣ ከሁለተኛ ደረጃ አንሥቶ ደግሞ የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ደነገገ። እንግዲህ በቋንቋው መጠየቅን ያልለመደ ተማሪ ፊዚክሱንም ሒሳቡንም በዝምታ ያልፈዋል ማለት ነው።

ካለፉት ሁለት ዓመታት ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ በአንድ ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ ክበብ እየተገኘሁ መምህሯን እረዳለሁ። መሣሪያዎቻችን ቆርኪ፣ የክብሪት ቀፎና ልጆቹ ራሳቸው የሠሯት የሽቦ መኪና ናቸው። ሁለት ልጆች ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፤ በመካከላቸው እንደ ግድግዳ ደብተር ይቆማል። ሁለቱም ተመሳሳይ ዕቃዎች አሏቸው። አንደኛው እንደ ፈቀደ ይደረድርና አደራደሩን በእንግሊዝኛ ይናገራል፤ ሁለተኛው የሰማውን ይሠራል፤ ካልገባውም ይጠይቃል። በአማርኛ የተናገረ አንድ ቆርኪ ይቀጣል። በመጨረሻ ደብተሩ ሲነሣ ሁለቱ አደራደሮች ይነጻጸራሉ።

አስተውሉ! ይህ እኛ የምናውቀው የንድፍና የግንባታ ግንኙነት ነው። ተናጋሪው ነዳፊ፣ ሰሚው ገንቢ ነው። «አንደር» እና «ቢሃይንድ» የተምታቱ እንደሆነ ቆርኪው ራሱ ይመሰክራል። ስልሳ ተማሪ በታጨቀበት ክፍል መምህሩ የእያንዳንዱን ስሕተት በየደቂቃው ሊያርም አይችልም፤ መጫወቻው ግን በየጥንዱ መካከል ተቀምጦ ያርማል። ስሕተቱም የሚያስቅ እንጂ አንገት የሚያስደፋ አይሆንም።

ነገሩ ለባህላችንም ባዕድ አይደለም። እንቆቅልሽን የሚያጣፍጠው አንዱ የሚያውቀውን ሌላው አለማወቁ ነው፤ መልሱ የጠፋበትም አገር ይሰጣል። የሚናገሩት ነገር ሲኖር ምላስ ይፈታል።

በእርግጥ ጨዋታ ሰዋስውን አይተካም፤ ጫጫታም አያጣውም። ስለዚህ ከትምህርቱ በኋላ ለዐሥር ወይም ለዐሥራ አምስት ደቂቃ ቢሰጥ ይበቃል።

አንዲት የ7ኛ ክፍል ተማሪ ለወራት ቃል ሳይወጣት ከረመች። አንድ ቅዳሜ መኪናዋን በእጇ እንደ ያዘች ቀና ብላ፣ «ቢሃይንድ ኦር ኢን ፍሮንት?» ስትል ጓደኛዋን ጠየቀች። እኔም ያን ዕለት ከዓምዱ አጠገብ ቆሜ ልጠይቀው ይገባኝ የነበረው ይኸው ነው።

ባልደረቦቼ፤ ከየሥራ ቦታችን የሚተርፈው ሽቦና የእንጨት ቁራጭ ብዙ ነው። ከቁርጥራጩ ጋር በሳምንት አንዲት ሰዓት ብንጨምርበት፣ ነገ ከእኛ ጋር የሚሠሩት ወጣቶች ግድግዳው ሳይፈርስ በፊት ይጠይቃሉ።