የጥንት ቀለም ቅብ እንጨት ዕድሳት፤ በጂዳና በመካ



የጥንት የእንጨት ሥራ በሚታደስበት ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ፣ ዕቃው አዲስ ይምሰል ወይስ ዕድሜውን ይናገር የሚለው ነው። ለዚህም የጂዳ ከተማ መልካም ምሳሌ ትሆናለች።

በቀይ ባሕር ዳር ያለው አሮጌው ጂዳ ቤቶቹ ከባሕር በወጣ የኮራል ድንጋይ የታነጹ ናቸው። በየግንባራቸውም ሮሻን የሚባል፣ ከግድግዳው ወደ ውጭ የወጣ ባለፍርግርግ የእንጨት መስኮት ይታያል። ሮሻን ነፋስ ያስገባል፤ የቤቱን ሰው ከመንገደኛ ዐይን ይሰውራል፤ ቤተ ሰቡም ይቀመጥበታል፣ ይተኛበታልና የቤት ዕቃም ጭምር ነው። ከ1872 እስከ 1881 እ.ኤ.አ. የተሠራው የናሲፍ ቤት በሮሻኖቹ የታወቀ ነው። ይህ የከተማ ክፍል በ2014 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የመካ በር ተብሎ ገብቷል።

እርጥበት፣ ጨውና ምስጥ ይህን እንጨት ይጎዱታል፤ ነገር ግን የቸኮለ አዳሽ እጅ የሚያደርሰው ጥፋት ከዚያ አያንስም። አሮጌውን ቀለም በእሳት ወይም በብርቱ መድኃኒት የገፈፈ ሰው የቅርጹን ጠርዝ ያደበዝዛል፤ የቀደሙት ሰዎች የመረጡትንም ኅብር ምስክር ያጠፋል። በላዩ የሚቀባው ወፍራምና አንጸባራቂ ቀለም ደግሞ እርጥበቱን በውስጥ ያፍነዋል።

ስለዚህ አስተዋይ ባለሙያ አስቀድሞ ዕቃውን ፎቶግራፍ አንሥቶ ሁኔታውን ይመዘግባል። ቀጥሎም በማይታይ ሥፍራ በቀጭን ስለት ድርብርቡን ቀለም እየገለጠ የመጀመሪያውን ከኋለኛው ይለያል፤ አንዳንዱ እንጨት ከጥንቱ ያልተቀባ ሆኖ ይገኛልና። የተላቀቀውን ቀለም በሥሡ ሙጫ መልሶ ያጣብቃል፤ የጎደለውን ብቻ ኋላ ሊነሣ በሚችል ቀለም ይሞላል፤ የበሰበሰውንም በዚያው ዐይነት እንጨት ይተካል። በ1964 እ.ኤ.አ. የወጣው የቬኒስ ቻርተር፣ ዕድሳት ግምት ከሚጀምርበት እንዲቆምና አዲሱ ክፍል ከአሮጌው ጋራ ተስማምቶ ሳለ ተለይቶ እንዲታወቅ ያዝዛል።

የዚህን ጥንቃቄ ዋጋ የመካ ታሪክ ያስረዳል። በ20ኛው መቶ ዓመት መስጊዱ ሲሰፋ በዙሪያው የነበሩ ብዙ ባለሮሻን ቤቶች ፈርሰዋል። በ1240 ዓመተ ሂጅራ የተሠራው የካዕባ የእንጨት መሰላል ግን በከተማው ሙዚየም ተጠብቆ ይኖራል። ከዚያም በፊት፣ በ9ኛው መቶ ዓመት የነበረው የመካ ታሪክ ጸሓፊ አልአዝረቂ፣ ካዕባ ከእስልምና መነሣት አስቀድሞ ሲታነጽ ድንጋይና እንጨት እየተፈራረቀ መደርደሩን ይተርካል። የሥነ ሕንጻ ታሪክ ሊቁ ክሬስዌልም ይህን ከአክሱም አሠራር ጋራ አስተያይቶታል። የዚያ ሕንጻ እንጨት ዛሬ የሚታወቀው በጽሑፍ ብቻ ነው፤ በዚያው ስልት የተሠራው የደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያን ግን በ1948 እ.ኤ.አ. ታድሶ እስከ ዛሬ በዐይን ይታያል።

እንግዲህ የጥንት ሳጥን፣ መንበር ወይም በር የሚያድስ ሰው የሠሪው ተተኪ ሳይሆን የአደራው ጠባቂ ነው። የጠፋ ቀለም በሌላ ቀለም ይተካ ይሆናል፤ የጠፋ ምስክር ግን አይተካም።