ተመስገን ያለ ሁሉ አልዳነም

የተከበራችሁ መምህራን፣ ወላጆች፣ ውድ የነርሲንግ ተመራቂዎች፤

የጋበዙኝ ሰዎች «ንግግሩ አጭር ይሁን» ብለው ደጋግመው ስላሳሰቡኝ ወደ ጉዳዬ ልግባ።

ዎርድ ስትገቡ ጠዋት ጠዋት የምትሰሟት ቃል «ተመስገን» ናት። ቀዶ ሕክምና ባደረጉ ማግስት አንዲትን እናት «እንዴት አደሩ፣ እማማ?» ትሏቸዋላችሁ። ግንባራቸው በላብ ርሷል፤ አንድ እጃቸው የአልጋውን ብረት ጨምድዶ ይዟል። «ተመስገን ልጄ፣ የባሰ አታምጣ ነው» ይላሉ። በወንዶቹ ክፍልም አንድ አባት «አልሀምዱሊላህ» ይሏችኋል። ካርዱ ላይ «ደህና ናቸው» ተብሎ ይጻፋል።

እኚህ እናት አልዋሹም። በእኛ ቤት ማማረር ፈጣሪን እንደ መክሰስ ይቆጠራል። ምስጋናቸው ለፈጣሪ ነው፤ ስለ ቁስሉ ገና አልተናገሩም።

ኢዮብን አስቡት። ሀብቱና አሥሩ ልጆቹ ባንድ ቀን ሲያልቁ ልብሱን ቀደደ፣ ራሱን ተላጨ፣ በምድር ተደፍቶ ሰገደ፣ የአምላኩን ስም ባረከ። ስብከታችን ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ያበቃል። መጽሐፈ ኢዮብ ግን 42 ምዕራፍ ነው። አመድ ላይ ተቀምጦ ቁስሉን በገል ያከከው ይኸው ሰው በ3ኛው ምዕራፍ የተወለደበትን ቀን ይረግማል። ሦስቱ ወዳጆቹ ሰባት ቀን ዝም ብለው አብረውት መሬት ላይ ሲቀመጡ ደህና አስታማሚዎች ነበሩ። አፋቸውን ሲከፍቱ ግን በደልህ ነው ብለው ይሟገቱት ጀመር። በመጨረሻው ምዕራፍ እግዚአብሔር የተቆጣው በእነሱ ነው፤ ያንን የጮኸውን ሰው ባሪያዬ ይለዋል። በእኔ እምነት ስግደቱም ጩኸቱም ከአንድ ልብ የወጡ ናቸው።

ስለዚህ «እርስዎማ ጠንካራ ነዎት» ብላችሁ አትለፉ። «ተመስገን» ሲሏችሁ እናንተም «ይመስገን» በሉና ወንበር ሳቡ። ከ0 እስከ 10 ያለውን የሕመም መለኪያ ተምራችኋል፤ ቁጥሩ ለእማማ ላይገባቸው ይችላል። «ሌሊት እንቅልፍ ወሰደዎት? ሲያስልዎት ይወጋዎታል? በጎንዎ መዞር ቻሉ?» በሏቸው። ማስታገሻ መጠየቅ ፈጣሪን ማማረር እንዳልሆነም ንገሯቸው፤ ነጭ ጋዋን ከለበሰ ሰው ሲሰሙት ይቀላቸዋል።

ዛሬ ማታ ግን ዶሮውን ብሉ፣ ጨፍሩ፣ ጠግባችሁ ተኙ። የሌሊት ተረኝነት ከጀመረ በኋላ እንዲህ ያለ እንቅልፍ መቼ እንደምታገኙ መምህሮቻችሁን ጠይቁ።